ሳሩን ማን ይብላው? ከእንጦጦ ጀርባ ያለ የአንድ ተዳፋት ጉዳይ

ከእንጦጦ ጋራ በስተሰሜን ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርድ ተዳፋት አለ። በጎጃም መንገድ የሚያልፍ ሰው በመኪና መስኮት አይቶት ይሄዳል። ከላይ ባህር ዛፍ፣ ከመሃል ሳርና ቁጥቋጦ፣ ከታች ደግሞ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት ነው። የምኖረው ከዚያ ብዙም ሳልርቅ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተዳፋቱ መሃል መጀመሪያ ከብት የሞላበት፣ ቀጥሎ ከብት የተባረረበት፣ ከዚያ የተቃጠለ፣ በኋላም ከብት ተደብቆ የሚገባበት ቦታ ሆነ። ሳሩም ቁጥቋጦውም ችግኙም አብረው ተለዋወጡ።

ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ብዙ ኮረብታዎች ዛሬ በዚሁ መንገድ ላይ ስለሆኑ ነው። ቦታው ይታጠራል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ከብት ይከለከላል። ሀሳቡ መልካም ነው፤ እኔም ዛፍ ሲበቅል ማየት እፈልጋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ይረሳል። ከብቱ ሲወጣ ያን ሁሉ ሳር ማን ይበላዋል? ከብትና እሳት በአንድ ሳር የሚሻሙ ሁለት አፎች ናቸው። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል።

ቦታው

የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የሱሉልታ ሜዳ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ተዘርግቷል። ጋራው ውሃ ይከፍላል። በደቡብ ጎኑ የዘነበው በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል። በሰሜን ጎኑ የዘነበው ደግሞ በሙገር አድርጎ አባይን ይቀላቀላል። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከዚያ ሰማዩ ይጠራል። ከኅዳር እስከ ጥር ሜዳው ላይ ሌሊት ውርጭ ይወድቃል። ይህን ውርጭ ልብ በሉት። ሳሩን እንደቆመ ያደርቀዋል። ክረምቱ ያሳደገውን ሁሉ ለየካቲት ነፋስ ማገዶ አድርጎ ያቆየዋል።

ዳገቱ ድሮ የጥድና የወይራ ደን ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲቆረጥ ተመናመነ። በ1880ዎቹ ባህር ዛፍ መጣ፤ ቶሎ አደገ፣ ጋራውንም ያዘው። መሃሉ ላይ ግን ዛፍ ሳይመለስበት የቀረ ሰፊ የሳር ቦታ አለ። ቀጋና አጋም ተበታትነውበታል። አልፎ አልፎም ያረጀ ግራር ይታያል።

ስለ ሳር፣ ከብትና እሳት ለረጅም ጊዜ የተጠናው በሳቫና ነው። በሳይንሱ ሳቫና የሚባለው ግን እንዲህ ያለው ደጋ አይደለም። ሳቫና ቆላው ነው፤ ሳርና ዛፍ ተቀላቅለው የሚኖሩበት እንደ ቦረና፣ እንደ ታንዛኒያው ሰሬንጌቲ ያለ ምድር። የሳሩ ዓይነት ይለያል፣ ብርዱም ይለያል። በሳር፣ በከብትና በእሳት መካከል ያለው ሒሳብ ግን በጣም ይመሳሰላል። ስለዚህ ከቆላው የተማርነውን እዚህም እጠቅሳለሁ።

ከብት በነበረበት ጊዜ

የተዳፋቱ መሃል የጋራ ግጦሽ ነበር። ላም ያለው ሁሉ ጠዋት ይነዳል፣ ማታ ይመልሳል። በጋም ክረምትም ዕረፍት የለም። ሳሩ ገና ከመሬት ብቅ ሲል ይነጫል።

እንዲህ ባለ ግጦሽ መጀመሪያ የሚለወጠው የሳሩ ዓይነት ነው። ላም ትመርጣለች። ለስላሳውን ሳርና ማገጡን፣ ያን በሳሩ መሃል የሚበቅለውን ባለ ሦስት ቅጠል ተክል፣ ትለቅማለች። አክርማና ስንደዶ ግን ጠንካሮች ናቸው። ስፌት ለሚሰፉ እናቶች ጥሩ ናቸው፤ ላም ግን ሌላ እስካገኘች ድረስ አታያቸውም። ጥሩው ሳር በየቀኑ ሲበላ፣ የማይበላው ዘር አፍርቶ ይሰፋል። ዓመታት ሲያልፉ መስኩ ከሩቅ አረንጓዴ ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ላየው ግን ግማሹ ላም የማትነካው ነው። ብዙ ሰው የግጦሽ መጎዳት ማለት መሬቱ ሲራቆት ብቻ ይመስለዋል። ከመራቆቱ ብዙ ዓመት በፊት መስኩ መኖነቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ኮቴ ነው። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ይዞ ሲለሰልስ፣ የከብት እግር ጉድጓድ ጉድጓድ ያደርገዋል። ሲደርቅ ደግሞ እንደዚያው ይጠነክራል። ውሃ መስረጉን ትቶ ላይ ላዩን ይሄዳል።

ሦስተኛው ቁጥቋጦው ነው። ቀጋና አጋም እሾህ ስላላቸው ከብት ብዙም አይደፍራቸውም። ሳሩ ሲደክም ደግሞ ብርሃኑና ውሃው ለነሱ ይተርፋል። ቁጥቋጦ በዛ ብለን እናማርራለን፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ልሟገትላቸው። ወፎች ፍሬ በልተው የሚያርፉት እነዚህ ላይ ነው። የወይራ ዘር እሾሁ ስር ወድቆ ይበቅላል፤ የከብት አፍም አያገኘውም። ጥላውና እርጥበቱም ይረዳዋል። በዚህ ተዳፋት ላይ ማንም ሳይተክላቸው ያደጉት የአገር ዛፎች አብዛኞቹ ከቀጋና ከአጋም መሃል አንገታቸውን ያወጡ ናቸው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ታዲያ እሳት የሚባል ነገር አልነበረም። የሚቃጠል ነገር አልተረፈማ!

ሳሩ ግን እሳት አምልጦታል ማለት አይቻልም። በላም ሆድ አልፎ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ነዷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሳር ሜዳው ላይ ሲቃጠል ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ግን አብዛኛው በአመዱ ውስጥ እዚያው ይቀራል። እበቱ ሜዳው ላይ ቢቀር ደግሞ ብዙው ወደ አፈሩ ይመለሳል። ኩበት ተለቅሞ ቤት ሲነድ ግን ናይትሮጅኑ ከጭስ ማውጫው ይወጣል፣ አመዱ ጓሮ ይደፋል። ተዳፋቱ በየዓመቱ ይሰጣል፣ የሚመለስለት የለም። ማገዶ በሌለበት ሰው ኩበት አታንድድ ማለት አይቻልም። የመስኩን መድከም በላሟ ጥርስ ብቻ ማሳበብ ግን ትክክል አይመስለኝም።

ከብቱ ሲወጣ

ከዚያ መሃለኛው ክፍል ለችግኝ ተከለለ። አጥር ታጠረ፣ ጥበቃ ተቀጠረ። ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ተተከለ። ከብት እንዳይገባ ተከለከለ። ማጭድ ችግኝ ይቆርጣል ተብሎ ሳር ማጨድም ተከለከለ።

የመጀመሪያው ክረምት በጣም ያስደስት ነበር። ሳሩ ወገብ ደረሰ። ለዓመታት ዘለላው ያልታየ ሳር ዘር አወጣ። መስከረም ላይ አደይ አበባ ዳገቱን ቢጫ አደረገው፤ ንቡ በሽ ነበር። ከብት ማስወጣት ጥቅም የለውም የሚለኝ ሰው ካለ ያን መስከረም ቢያየው እመኛለሁ።

ችግሩ ቀጥሎ መጣ። ያልታጨደው ሳር በውርጭ ደረቀና በቀጣዩ ክረምት አዲሱ ሳር በላዩ በቀለ። እንደገና ደረቀ። ስሩ ላይ ወፍራም የደረቀ ሳር ተከማቸ። ብርሃን ወደ መሬት መድረሱ ቀረ። ማገጡ ከሳሩ መሃል ጠፋ። ማገጥ አጭር ነው፤ ረጅም ሳር ከሸፈነው አይችልም። ኢትዮጵያ ከ20 በላይ የማገጥ ዝርያ ያላት አገር ናት። ደጋችን የዚህ ተክል ዋና ቤት ነው። ስሩ ላይ ባሉት ትንንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይይዛሉ። ለላሟም ከሳሩ የተሻለ ምግብ ነው። እሱ ሲጠፋ መስኩ ሁለት ነገር ያጣል። ችግኞቹም በሳሩ ተውጠው ቀጫጮች ሆኑ፤ የትኛው የት እንደተተከለ ለማወቅ ሳሩን በእጅ መግለጥ ያስፈልግ ነበር።

በዚያን ጊዜ ከብታቸው ከተባረረባቸው ሰዎች አንዱ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመው «ልጄ፣ ይሄ ሳር ካልተበላ ይነዳል» አሉኝ። «አባባ፣ ጥበቃ አለው እኮ» አልኳቸው። «ጥበቃው ሰው ይጠብቃል፤ ነፋስ ይጠብቃል እንዴ?» ብለው መለሱልኝ።

እሳቱ

የተነሳው የካቲት ውስጥ፣ የበልጉ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ነው። ከአጥሩ ስር ማሳ የሚያጸዳ ሰው የለኮሰው አረም ከሰዓት በኋላ በተነሳ ነፋስ ተሻገረ። እሳት ዳገት ሲያገኝ ይፈጥናል። ነበልባሉ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ፊቱ ያለውን ሳር ቀድሞ ያሞቀዋል፣ ያደርቀዋል። መንደርተኛው የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ወጣ። ከሚመታው የሚነደው ይበልጥ ነበር።

ሦስቱ የተዳፋቱ ክፍሎች ያኔ በግልጽ ተለዩ። ታችኛው መስክ ታጭዶ፣ ከብት ቃርሞት ስለነበር እሳቱ ጠርዙ ላይ ደርሶ በራሱ ጠፋ። መሃሉ ባንዴ ነደደ። ላይኛው ባህር ዛፍ ደግሞ ቀስ ብሎ ግን ረጅም ጊዜ ነደደ። የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ ቶሎም አይበሰብስም። ነጭ ባህር ዛፍ ቅርፊቱ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ እሳት ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣው በሱ ነው። እንጨት የሚሸከሙና ቅጠል የሚጠርጉ እናቶች በሚመላለሱበት የጋራው ክፍል የወደቀው ቅጠል ሳይከማች ይወሰዳል። እዚህ ግን እነሱም ከተከለከሉ ቆይተዋል።

ከእሳቱ በኋላ ዳገቱ ጥቁር ሆነ። ብዙ ሰው ሁሉም ሞተ ብሎ ነበር። ሳሩ ግን አልሞተም። ሳር የሚያድግበት ነጥብ ያለው ስሩ አጠገብ፣ ከመሬት እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። የሳር እሳት ደግሞ ቶሎ ያልፋል። ከአፈሩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሙቀቱ ብዙም አይሰማም። ላም ግጣም እሳት በልቶም ሳር የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ዛፍ ግን የሚያድገው ከጫፉ ነው። ትንሽ ዛፍ ጫፉ ነበልባሉ ውስጥ ነው ያለው።

ዛፎቹም እኩል አልተጎዱም። የጥድ ችግኞች ሞቱ። ጥድ አንዴ ከተቃጠለ ከስሩ አያቆጠቁጥም። ወይራው ከስሩ አቆጠቆጠ። ቀጋና አጋምም እንደዚሁ። ከሁሉም በላይ ያማረበት ባህር ዛፉ ነው፤ ከጉቶውም ከግንዱም ቅጠል አወጣ። እሳቱ እየመረጠ ነው የሠራው። በብዙ ድካም ልንመልሰው የፈለግነውን ዛፍ ወሰደ፣ ልንቀንሰው የፈለግነውን አበረታ።

ቆላው ምን ያስተምራል

በሳቫና ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲጠና ቆይቷል። በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሬት በክፍል በክፍል ተለይቶ፣ አንዳንዱ በየዓመቱ፣ አንዳንዱ አልፎ አልፎ እንዲቃጠል፣ አንዳንዱም ጭራሽ እንዳይቃጠል ሲደረግ ኖሯል። ከዚያ የታየው ትልቁ ነገር፣ እሳት ከዛፍ ቁጥር ይልቅ የዛፍ ቁመት ላይ እንደሚበረታ ነው። ዛፎቹ አይጠፉም። ከስራቸው እያቆጠቆጡ፣ እንደገና እየተቃጠሉ፣ ቁጥቋጦ ሆነው ይቀራሉ። ከነበልባሉ ከፍታ በላይ ለመድረስ ጥቂት ዓመት ያለ እሳት ይፈልጋሉ።

ግጦሽ ያን ዕድል ሊሰጣቸው ይችላል። በኛ አገር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን ያመጣው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወርዶ፣ ዊልደቢስት የሚባለውን በመንጋ የሚኖር የሰሬንጌቲ ሳር በል የዱር እንስሳም ፈጅቶ ነበር። በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. ከብት ሲከተብ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። ከ300,000 የማይበልጠው ዊልደቢስት በሃያ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ሳሩን በሉት። እሳቱ ቀነሰ። ዛፎች ተመለሱ። የአንድ የእንስሳት በሽታ ክትባት ዛፍ አበቀለ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በቦረና ግን ይኸው ሒሳብ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። አርብቶ አደሩ የቆየ ሳር በየተወሰነ ጊዜ ያቃጥል ነበር፤ ቁጥቋጦው ይቀጣል፣ መዥገር ይቀንሳል፣ ለምለም ሳር ይወጣል። በደርግ ጊዜ ማቃጠል ተከለከለ። ግጦሹ ቀጠለ፣ በረታም። እሳት ቀርቶ ሳሩም ሲሳሳ፣ እሾሃማው ቁጥቋጦ የሚያቆመው አጣ። ዛሬ የቦረና ሰው ትልቅ ብሶት ቁጥቋጦ የወረሰው መሬት ነው።

ሰሬንጌቲ ላይ የዛፍ መመለስ ደስታ ሆነ፣ ቦረና ላይ የቁጥቋጦ መብዛት ችግር ሆነ። የሆነው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ከመሬቱ የሚፈለገው ግን ይለያል። እኛም ከእንጦጦ ጀርባ ምን እንደምንፈልግ አስቀድመን መናገር አለብን። ወተት ነው? ደን ነው? ሁለቱም ከሆነ የትኛው የት?

ከእሳቱ በኋላ የሆነው

ትልቁ ጉዳት የደረሰው በእሳቱ ቀን አይመስለኝም። በልግ ትንሽ እንደዘነበ የተቃጠለው ቦታ ለምለም ሆነ። አዲስ የወጣ ሳር ፕሮቲኑ ከአሮጌው በጣም ይበልጣል፤ ከብት ይህን ያውቃል። እረኞችም ያውቃሉ። በጋው አጥንት ያወጣበትን ከብት ይዞ ለምለም ሳር ከአጥር ወዲያ እያየ የሚቆም ሰው የለም። በምሽት ገቡ። እኔ አልፈርድባቸውም።

ሳሩ ግን ያን ቡቃያ ያወጣው ስሩ ውስጥ ካስቀመጠው ስንቅ ነበር። ቡቃያው ሲበላ እንደገና ከስንቁ ያወጣል። እንደገና ሲበላ ስሩ ይኮማተራል። እሳት ብቻ ቢሆን ይችለዋል። ግጦሽ ብቻ፣ ዕረፍት ካገኘ፣ ይችለዋል። ተቃጥሎ ወዲያው ሲጋጥ ግን አይችልም። ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት ባዶው ቦታ ላይ እንቧጮና ኮሸሽላ በቀሉ። አመዱን ጎርፍ ወሰደው፤ አፈርም አብሮ ሄደ።

ታችኛው መስክ ግን በዚያው ዓመት ድርቆሹን ሰጠ። ደንቡ ቀላልና የቆየ ነው። ክረምት ላይ ከብት አይገባም፤ አፈሩ ስለሚረገጥና ሳሩ ዘር እንዲያፈራ። በጥቅምት ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል። ግማሹ በአይሱዙ ተጭኖ ለከተማው የወተት ላሞች ይሸጣል። ከዚያ ከብት ገብቶ የቀረውን ይቃርማል፣ እበቱንም ይጥላል። ማገጡ አለ፣ ሳሩ አለ፣ እሳት የለም። ድርቆሽ ሲሸጥ የአፈሩ ምግብም አብሮ ስለሚሄድ ያልተከፈለ ዕዳ አለበት። ቢሆንም ከተዳፋቱ ሁሉ ጤነኛው እሱ ነው። ሜዳውን የሚያሰጋው አሁን መጋዘንና ቤት ነው።

ባለፈው ከአጥሩ ውስጥና ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሰዎች ተቀምጠው ተነጋገሩ። በብዙው ተስማምተዋል። በየችግኙ ዙሪያ መጀመሪያ በእጅ ይታረማል፣ ምልክት ይተከላል፤ ከዚያ ሳሩ በጥቅምት ይታጨዳል። ከማሳው ጋር የሚዋሰነው ጠርዝ ኅዳር ሳያልቅ በሰፊው ይጸዳል። ከባህር ዛፉ በኩል ቅጠል ጠራጊ እናቶች እንዲገቡ ይፈቀዳል። ቀጋውና አጋሙ አይመነጠርም፤ ወይራ የሚተከለው ከስራቸው ይሆናል። ከብት የሚገባው ችግኙ ከከብት አፍ በላይ ሲሆን ነው፤ የተቃጠለ ቦታ ላይ ደግሞ ሳሩ አንድ ክረምት ዘር ሳያፈራ አይገባም።

ያልተቋጨው አንድ ነገር የታጨደው ድርቆሽ ድርሻ ነው። የሚጠብቁት ወጣቶች ሽጠን ለደመወዝ እናድርገው ይላሉ። ከብታቸው የወጣባቸው ደግሞ ለላሞቻችን ይሰጠን ይላሉ። በኔ በኩል የመጀመሪያው ሸክም ለባለ ላሞቹ ቢሆን እመርጣለሁ። ያን ቀን ቅርንጫፍ ይዘው ወደ እሳቱ የሮጡት እነሱ ነበሩ። ድርቆሹ በረታቸው ከደረሰ በምሽት አጥር የሚጥሱበት ምክንያት አይኖራቸውም። ለወጣቶቹ ደመወዝ ከሌላ መፈለግ ይቻላል። ውይይቱ ከአጨዳው በፊት እንዲያልቅ ቀጠሮ ተይዟል።